የጉልበት ነገር ከዳሌ ይጀምራል

ደረጃው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። አንድ ሰው በቀኝ እግሩ ላዩ ላይ ቆሟል። ግራ እግሩ ከጠርዙ ውጭ ተንጠልጥሏል። እጆቹ ወገቡን ይዘዋል። ቀኝ ጉልበቱን ቀስ ብሎ ያጥፋል። ሦስት ሰከንድ ያህል ይወርዳል። የግራ ተረከዙ ወለሉን ነካ ያደርጋል እንጂ አይረግጥም። ከዚያ በዚያው በቀኝ እግሩ ኃይል ወደ ላይ ይመለሳል። እንቅስቃሴው በቃ ይኸው ነው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ቦታውም አንድ ክንድ ቢሆን ይበቃል።

ላዩን ለሚያይ ሰው ሥራውን የሠራው ወርዶ የወጣው ግራ እግር ይመስላል። ፊዚዮቴራፒስት ግን ያንን እግር ብዙም አያየውም። ዓይኑ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የዳሌው ሁለት የፊት አጥንቶች፤ ቀበቶ ከሚታሰርበት ዝቅ ብሎ በጣት የሚዳሰሱት። ቀኙና ግራው እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ወይስ ግራው ዘቀጠ? ሁለተኛ፣ የቆመበት እግር የጉልበት ሎሚ። ከእግሩ ሁለተኛ ጣት አቅጣጫ ነው ወይስ አውራ ጣቱን አልፎ ወደ ውስጥ ሸሸ? ሦስተኛ፣ ደረቱ። ቀጥ ብሎ ወረደ ወይስ ወደ አንድ ጎን ተጋደመ? ሦስቱም ከቦታቸው ካልተዛነፉ እንቅስቃሴው ተሠርቷል። ከተዛነፉ ሰውየው ሃያ ጊዜ ወርዶ ቢወጣም ደረጃ ወረደ እንጂ ዳሌውን አላሠራም።

ለጉልበት ጤና የሚታዘዙ የዳሌና የሚዛን እንቅስቃሴዎችን በቅርብ ላያቸው ሰው ይህ ነገር በሁሉም ውስጥ ይታያል። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ቀላሉ ነው። ጥበቡ ያለው ጸንቶ በሚቆየው ላይ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ከአጥንቱ መጀመር ይሻላል። ጉልበት ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ነው። የጭን አጥንት በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙ ነው። ከፊት ሎሚው አለ። ሎሚው የተቀመጠው በፊተኛው የጭን ጡንቻ ጅማት ውስጥ ነው። ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ በጭን አጥንቱ ጫፍ ላይ ባለች ቦይ ውስጥ ወደ ታችና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ጀርባው በልም አጥንት ተሸፍኗል። ይህ ልም አጥንት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚለካ ቢሆንም በሰውነታችን ካለው ልም አጥንት ሁሉ ወፍራሙ ነው። እንዲህ መወፈሩ ያለ ነገር አይደለም፤ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ሎሚውን ከቦዩ ጋር የሚያጣብቀው ኃይል የሰውነታችንን ክብደት ሦስት እጥፍ ያልፋል።

የጉልበት ዋና ሥራ መታጠፍና መዘርጋት ነው። ወደ ጎን የመሄድ ነጻነቱ እጅግ ጥቂት ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ድቡልቡል ራስ በጎድጓዳ ውስጥ የገባበት ስለሆነ በየአቅጣጫው ይዞራል። ጭኑ ወደ ውስጥ ቢጋደል፣ ወደ ውስጥ ቢዞር፣ ቀጥ ብሎ ቢቆም የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ውሳኔው ላይ ይሰጣል፤ ዕዳው ታች ይከፈላል። የበር ማጠፊያ ሲንቋቋ ደህና አናጢ መጀመሪያ የሚያየው መቃኑን ነው። መቃኑ የተዛነፈ እንደሆነ ማጠፊያው ቢቀየርም አዲሱ ያንኑ ይሆናል።

በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ክሪስቶፈር ፓወርስና ባልደረቦቹ ይህን በኤምአርአይ ምስል አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የተመለከቱት ሎሚያቸው ወደ ውጭ የሚሸሽ ሰዎችን ነበር። ሰዎቹ ክብደት ሳይሸከሙ እግራቸውን ሲዘረጉ የሚንቀሳቀሰው ሎሚው ነው። ክብደታቸውን ተሸክመው ሲዘረጉ ግን ሎሚው ባለበት ሆኖ ከሥሩ የጭን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ውጤቱ በሁለቱም ሎሚው ከቦዩ መሃል መራቁ ነው፤ ምንጩ ግን ይለያያል። በሁለተኛው ጊዜ ሎሚውን ብቻ ማከም በቂ አይሆንም። ጭኑን የሚይዘውን ፈልጎ ማጠንከር ያስፈልጋል።

ጭኑን የሚይዘው ዋናው ጡንቻ ከዳሌ ጎን ይገኛል። ከላይ በዳሌ አጥንት የውጭ ገጽ ላይ በስፋት ተዘርግቶ ይጀምራል። ክሮቹ ወደ ታች ሲወርዱ እየተሰበሰቡ ይጠባሉ። በመጨረሻ ከጭን አጥንት ጫፍ በስተውጭ ካለች ጉብታ ላይ ይጣበቃሉ። ጉብታዋን ማግኘት አያስቸግርም፤ በጎን ስንተኛ ፍራሹን የምትጫነው አጥንት እሷ ናት። ከሥሩ ተመሳሳይ ሥራ ያለው አነስ ያለ ጡንቻ ተደርቧል። ከኋላ ደግሞ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ አለ፤ ጭኑን ወደ ኋላ ይስባል፣ ወደ ውጭም ያዞራል። ሦስቱ ተባብረው ጭኑ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ይይዙታል።

የጎኑ ጡንቻ የሚሸከመውን ለማወቅ ትንሽ ስሌት ይበቃል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በአንድ እግሯ ቆመች እንበል። የአንድ እግር ክብደት ከሰውነት አንድ ስድስተኛ ገደማ ስለሆነ፣ የቆመችበት የዳሌ መገጣጠሚያ የሚሸከመው የቀረውን 50 ኪሎ ነው። የዚህ ክብደት መሃል ከመገጣጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይርቃል። ጡንቻው የሚስብበት መስመር ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ነው። የጡንቻው ርቀት በግማሽ ያጠረ ስለሆነ ጡንቻው እጥፍ መሳብ አለበት፤ ማለትም 100 ኪሎ። በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው የሁለቱ ድምር ነው፤ 150 ኪሎ ያህል። ይህ ሁሉ ሴትዮዋ ምንም ሳታነሳ፣ ሳትሮጥ፣ ዝም ብላ በአንድ እግሯ በመቆሟ ብቻ ነው። በእግር ስንጓዝ ደግሞ በየእርምጃው ለቅጽበት በአንድ እግር እንቆማለን።

ጡንቻው ይህን ካልቻለ ዳሌው ወዳልተደገፈው ጎን ይዘቅጣል። ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1895 የገለጸው ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪድሪሽ ትሬንደለንበርግ ነው። ምርመራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ታካሚው በአንድ እግሩ ይቆማል፣ ሐኪሙ ከኋላ ሆኖ ዳሌውን ያያል። መጽናት የሚገባው ነገር ጸንቶ እንደሆነ ማየት ነው።

እንቅስቃሴዎቹ እንግዲህ ከዚህ ይነሣሉ። ቅደም ተከተላቸውም የታሰበበት ነው። መጀመሪያ ወለል ላይ፣ ከዚያ ቆሞ፣ በመጨረሻ የዕለት ኑሮ ወደሚጠይቀው።

ወለል ላይ ካሉት መጀመሪያ የሚመጣው በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት ነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። ሰውየው በግራ ጎኑ ይተኛል። የታችኛውን ጉልበቱን አጥፎ መሠረቱን ያሰፋል። የላይኛው እግር ቀጥ ይላል፤ የእግሩ ጣቶች ወደ ፊት ያያሉ፤ ተረከዙ ከሰውነቱ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ 30 ዲግሪ ያህል ይነሣል። በቃ፤ ከዚያ በላይ ከፍ ያለ እንደሆነ ከፍታው የሚገኘው ከወገብ እንጂ ከዳሌ ጡንቻ አይደለም።

ሁለት ስሕተቶች ይህን እንቅስቃሴ ያበላሹታል። አንዱ ጣቶቹ ወደ ጣሪያ መዞራቸው ነው። ሌላው እግሩ ሲነሣ ወደ ፊት መሸሹ ነው። በሁለቱም ሥራው ከጎኑ ጡንቻ ወጥቶ ወደ ዳሌ ፊት ለፊት ያልፋል። ድካሙ ያው ነው፤ የሚደክመው ግን ሌላ ነው። ለዚህ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያዙት መፍትሔ ቀላል ነው። ታካሚው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይተኛል። የላይኛውን ተረከዙን በቀስታ ግድግዳው ላይ ይጫናል። እግሩን ሲያነሣ ተረከዙ ከግድግዳው ሳይለቅ ይንሸራተታል። ካልሲ ካደረገ ይበልጥ ይቀላል። ተረከዙ ከግድግዳው ከለቀቀ እግሩ ወደ ፊት ሸሽቷል ማለት ነው፤ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያውቀዋል። አስተማሪው ቤቱ ባይኖርም ግድግዳው አለ።

ሁለተኛው ጉልበት መክፈት ነው። አሁንም በጎን ይተኛል። ሁለቱ ጉልበቶች 90 ዲግሪ ይታጠፋሉ፤ ጭኖቹ ከዳሌ 45 ዲግሪ ያህል። ተረከዞቹ ተጣብቀው ይቆያሉ። የላይኛው ጉልበት ወደ ጣሪያ ይከፈታል። መክፈቻው ትንሽ ነው፤ የተከፈተው ርቀት ከአንድ ስንዝር ብዙም ላያልፍ ይችላል። ሰው የበለጠ ለመክፈት ሲሻ ዳሌውን ወደ ኋላ ያንከባልላል። ያኔ ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ የዳሌ ጡንቻ ግን ያርፋል። ስለዚህ የላይኛው እጅ ሥራ ይሰጠዋል፤ የዳሌው አጥንት ላይ ያርፍና ይጠብቀዋል። እጁ ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረ የመክፈቻው ልክ እዚያ ላይ አበቃ። የእንቅስቃሴውን መጠን የሚወስነው ጉልበቱ የደረሰበት ከፍታ ሳይሆን ዳሌው የጸናበት ወሰን ነው።

ሦስተኛው በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት ነው። ጉልበቶች ታጥፈው፣ ውስጥ እግሮች ወለሉን ረግጠው። እዚህ ጥበቡ የተረከዙ ርቀት ነው። ተረከዞቹ ከመቀመጫ በጣም ከራቁ የሚሠራው የጭን ኋላ ጡንቻ ነው፤ አንዳንዱንም ሰው ቁርጠት ይይዘዋል። ቀረብ ብለው ቅልጥሙ ወደ ላይ ቀጥ ሲል ሥራው ወደ መቀመጫ ጡንቻ ይመጣል። ከትከሻ እስከ ጉልበት አንድ መስመር ሲሆን ይቆማል። ከዚያ በላይ መሄድ ወገብ ማጉበጥ ነው። ይህ የቀለለው ሰው አንዱን እግር ያነሣል። ወዲያው ያነሣበት ጎን ዳሌ ሊዘቅጥ ይሻል። እንዳይዘቅጥ መያዝ ነው የእንቅስቃሴው ቁም ነገር።

ቆመው ከሚሠሩት መካከል ዓይን የሚይዘው መንሸራተቻው ነው። ሰውየው ልሙጥ ወለል ላይ በአንድ እግሩ ይቆማል። ከሌላው እግር ሥር ጨርቅ ያደርጋል፤ ወይም ካልሲ ብቻ ይበቃል። የቆመበትን ጉልበት ትንሽ አጥፎ፣ ሌላውን እግር ወደ ጎን ያንሸራትታል። ይመልሰዋል። ከዚያ ወደ ኋላ ያንሸራትታል። ይመልሰዋል። ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በቆመበት እግር ላይ ነው። ተንሸራታቹ እግር ክብደት ከያዘ ጨርቁ አይንሸራተትም፤ ወለሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ጨርቁ መሣሪያም ምስክርም ነው። የሚንቀሳቀሰው እግር በራቀ ቁጥር የቆመው እግር ዳሌ ብዙ ይሸከማል። ጉልበቱም ከሁለተኛው ጣት አቅጣጫ እንዳይወጣ መጠበቅ ይከብዳል። ርቀቱን በሴንቲ ሜትር እየጨመሩ ማክበድ ይቻላል።

ላስቲክ የሚገባበት እንቅስቃሴም ይህንኑ ይናገራል። ላስቲኩ በሁለቱ እግሮች ዙሪያ ይገባል። ሰውየው ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ ወደ ጎን ይራመዳል። ላስቲኩ ከጉልበት በላይ ሲሆን ይቀላል፤ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲወርድ ይከብዳል፤ ከዳሌው መገጣጠሚያ ያለው ርቀት ስለሚረዝም። ይህ ለሁሉም ግልጽ ነው። ያልተጠበቀው ሌላው ነው። የጡንቻ ሥራ በመለኪያ ሲታይ ይበልጥ የሚደክመው የሚራመደው እግር ዳሌ ሳይሆን የቆመው እግር ዳሌ ሆኖ ተገኝቷል። ተራማጁ ላስቲክ ይለጥጣል። የቆመው ግን ላስቲኩንም የሰውነቱንም ክብደት ይይዛል።

በአንድ እግር መቆም ከሁሉም ቀላሉ ይመስላል። ሆኖም በውስጡ ብዙ ነገር አለ። ሚዛናችን ከሦስት ቦታ ወሬ ይሰበስባል። ዓይን አድማሱን ያያል። የውስጥ ጆሮ የራስን መዘንበል ይለካል። በጡንቻ፣ በጅማት፣ በመገጣጠሚያና በውስጥ እግር ያሉ ነርቮች ክብደቱ የት እንዳረፈ ይናገራሉ። በባዶ እግር ሲቆም ይህ ሦስተኛው ወሬ ጥርት ይላል። ክብደቱ በሦስት ነጥብ ይከፈላል፤ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር። ጣቶቹ ወለሉን መቧጠጥ ከጀመሩ ሰውየው የጎደለውን ሚዛን በጣቶቹ ለመተካት እየሞከረ ነው።

ይህን እንቅስቃሴ ማክበድ ክብደት መጨመር አይደለም፤ ወሬ መቀነስ ነው። መጀመሪያ አንድ ጣት ግድግዳ ይነካል። ከዚያ ጣቱ ይለቃል። ከዚያ ራስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ ዓይን ይከደናል። በመጨረሻ ከእግር ሥር ትራስ ይገባል፤ ውስጥ እግር የሚልከው ወሬ ይደበዝዛል። ግድግዳው ወይም ጠረጴዛው ግን ሁልጊዜ በእጅ ርቀት ይሁን። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ቁርጭምጭሚቱ በትንሹ ይንቀጠቀጣል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው እሱ ነው። ቁርጭምጭሚት ይንቀጥቀጥ፣ ዳሌ ይጽና። ዳሌው መወዛወዝ ሲጀምር አንድ እርከን ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከዚያ ወንበር ይመጣል። ተቀምጦ መነሣት ተራ ነገር ነው፤ ለታመመ ጉልበት ግን የዕለቱ ትልቅ ፈተና ነው። የተለመደ ወንበር 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ቡና የሚጠጣበት በርጩማ የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበቱ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ሎሚው ላይ ያለው ጫናም ይጨምራል። ስለዚህ ልምምዱ የሚጀመረው ከከፍታው ነው። ወንበሩ ላይ ትራስ ይደረጋል። እጅ ደረት ላይ ይጣመራል። ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ዳሌ ከወንበሩ ይለቃል፣ ጉልበቶች ተራርቀው ከጣቶቹ አቅጣጫ ሳይወጡ ሰውየው ይቆማል። ሲቀመጥ ከመነሣቱ ይበልጥ ይዘገያል። ጡንቻው እየረዘመ ክብደት የሚይዝበት ጊዜ ያ ነውና፣ መዘርፈጥ ግማሹን ሥራ መጣል ነው። ሲቀልለው ትራሱ ይወጣል። በርጩማው የመጨረሻው እርከን ነው።

እነዚህ እንቅስቃሴዎች ተለቃቅመው በአንድ ሥርዓት ሲሰናዱ ምን እንደሚመስሉ ለማየት ስካንዲኔቪያ ጥሩ ቦታ ነው። በስዊድን ኤቫ አጌበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ኔሜክስ የተባለ ልምምድ አወጡ፤ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያቸው ክፉኛ ላረጀ ሰዎች የተሰናዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ዴንማርክ ዩኒቨርሲቲ ኤቫ ሮስና ሶረን ስኮ ይህንኑ መሠረት ይዘው ግላድ የሚባለውን መርሐ ግብር ጀመሩ። ኋላ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ሌሎችም አገሮች ተሻግሯል። ታካሚው ስለ ሕመሙ ትምህርት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በስድስት ሳምንት ውስጥ 12 ጊዜ በባለሙያ ፊት ይሠራል። በሳምንት ሁለት ቀን ማለት ነው። ሰውነት ከሞቀ በኋላ አራት ዓይነት ሥራ ይከተላል። አንዱ ለግንድ አካል መጽናት ነው፤ ዳሌ ማንሳት እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ለአቋም ነው፤ መንሸራተቻው እዚህ አለ። ሦስተኛው በላስቲክ ጡንቻ ማጠንከር ነው። አራተኛው የኑሮ ሥራ ነው፤ ከወንበር መነሣትና ደረጃ መውጣት። እያንዳንዱ በክብደት እርከን ተከፍሏል፤ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሠራል።

ወደሚቀጥለው እርከን ማለፊያው ምልክት የሥርዓቱ ጥሩ ክፍል ነው። ታካሚው 15 ጊዜ ስለቆጠረ ብቻ አያልፍም። አቋሙ ሳይዛነፍና እንቅስቃሴው በእጁ ሆኖ የሠራ እንደሆነ ያልፋል። ለሕመምም መለኪያ አለው። ከ0 እስከ 10 በሚቆጠረው ሚዛን እስከ 2 ምንም አያሰጋም። እስከ 5 ይፈቀዳል። ከ5 በላይ ሲሆን ይቀነሳል። የጨመረ ሕመምም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ይህች ደንብ የሁለት ሰዎችን ስሕተት በአንድ ጊዜ ታርማለች፤ ትንሽ ሲያመው የሚተወውንና እያመመው የሚገፋውን።

ለጤነኛ ጉልበት የተሰናዳም አለ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦስሎና ከሳንታ ሞኒካ የስፖርት ሕክምና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ "11 ፕላስ" የተባለ ማሟሟቂያ አዘጋጀ። 20 ደቂቃ የሚወስድ፣ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ነው። በመካከሉ በአንድ እግር መቆም አለ፤ በየእግሩ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው እርከን ተጫዋቹ ኳስ ይዞ ይቆማል። በሁለተኛው ከጓደኛው ጋር ኳስ ይወራወራል። በሦስተኛው ጓደኛው ሚዛኑን ሊያስተው ይገፋዋል። ትእዛዙ ግን በሦስቱም አንድ ነው፤ ዳሌ አይዘንበል፣ ጉልበት ወደ ውስጥ አይግባ። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ 1,892 ሴት ተጫዋቾች በተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ይህን ማሟሟቂያ በሠሩት ዘንድ ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ዳሌን ከፍ ከፍ ስናደርግ የጭንን ፊት መርሳት አይገባም። በሎሚው ዙሪያ ስለሚሰማ ሕመም የተሰባሰቡ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ አቋም የመከሩት የዳሌና የጉልበት እንቅስቃሴ ተጣምሮ እንዲሠራ ነው። ሌላም እውነት አለ። ሕመሙ የቀለለለት ሰው ሁሉ አካሄዱ ተለውጦ አይገኝም። ጡንቻው ይጠነክራል፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሲሮጥ ግን ጉልበቱ እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ሩጫውን ለማቃናት ሩጫውን ራሱን መለማመድ ያስፈልጋል። በጎን ተኝቶ የተገኘ ጥንካሬ ደረጃውን ብቻውን አያውቀውም። ከወለል ወደ መቆም፣ ከመቆም ወደ ደረጃ የሚያልፈው ቅደም ተከተል የተሠራው ለዚህ ነው።

ጊዜውም እንዲሁ በልክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ብርታት አብዛኛው የነርቭ ነው፤ አንጎል ያለውን ጡንቻ አጣምሮ ማዘዝ ይለምዳል። ጡንቻው ራሱ የሚወፍረው ኋላ ነው። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው ገና ሳይጀመር መተው ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ይበልጡን 12 ሳምንት ይፈልጋል።

ጉልበትዎ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲታጠፍ ከቆለፈ፣ በድንገት ከከዳዎት ወይም ከወደቁ በኋላ መርገጥ ካልቻሉ ሐኪም ይቅደም። ይህ ከሌለ አንድ ደረጃ፣ አንድ ግድግዳና አንድ ወንበር በቂ ናቸው። ከተቻለ መጀመሪያ አንድ ቀን ባለሙያ ይይዎት፤ ካልተቻለ ከመስታወት ፊት ይሥሩ። ስንት ጊዜ እንደሠሩ ከመቁጠርዎ በፊት ዳሌዎን ይመልከቱ። ዳሌው ሳይዛነፍ የተሠራ ስምንት፣ እየዛነፈ ከተሠራ ሃያ ይበልጣል።